አልነቃ ያሉት ስክሪኖች

ሠርካዲስ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነው አባቷ በራፍ ላይ ቆመው ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ጸሐይ የሚያወሩትን የሰማችው። «እንግዲህ ይቺን ቤት ቀጥ አድርጋ የያዘችልን ትንሿ ናት፤ እግዜር ይስጣት» አሉ አቶ ቤዛብሕ። ከቁስቋም ማርያም ኪዳን አድርሰው መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸውን እንኳ አላወረዱም። ወይዘሮ ጸሐይም «ታድለዋል፤ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብለው መረቁ። ትንሿ ትሕትና ናት፣ የሃያ ስድስት ዓመቷ። ትልቋ ደግሞ ቢላዋ ይዛ ከግድግዳው ወዲህ የቆመችው ናት። ሽንኩርቱ ሰበብ ሆነላትና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ የዚህ ቤት ጤፍና ዘይት፣ የአባባ የደም ግፊት ኪኒን፣ የትሕትና የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት ይመጣ እንደነበር ወይዘሮ ጸሐይ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ ሠፈሩ ውስጥ ከገቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። አባባ ግን ያውቃሉ። እያወቁ ነው እንግዲህ ያሉት። ደግሞ ክፋት የለባቸውም፤ የልባቸውን ነው የተናገሩት። ሠርካዲስን የቆረጣትም ይኸው ነው።

ትሕትና ሥራ ከያዘች ዓመት አልሞላትም፤ ሥራዋን ለሰው ማስረዳት የቻለ ግን እስካሁን የለም። ማለዳ ተነስታ ፊቷን ትታጠብና ከወገቧ በላይ እንደ ባንክ ሠራተኛ፣ ከወገቧ በታች በፒጃማ ሆና ሳሎን ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ ሦስት ስክሪን አለ። አንዱ ላይ የአውሮፓ ካርታ፣ አንዱ ላይ መልእክት፣ ሦስተኛው ላይ የሾፌሮች ስምና ሰዓት። የአንድ የውጭ አገር ጭነት ድርጅት መኪኖች የት እንደደረሱ ትከታተላለች። ፖላንድ ውስጥ የማን ጎማ እንደፈነዳ ሽሮ ሜዳ ተቀምጣ ታውቃለች፤ የገዛ ቤቷ ቧንቧ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ግን ሠርካዲስን ነው የምትጠይቀው። ስክሪኖቹ የተደረደሩበት ሰፊ ጠረጴዛ የሠርካዲስ ነበር። ማታ ማታ ከሱቋ የተረፈ የሚተየብ ወረቀት ይዛ ትመጣና እሱ ላይ ትጨርስ ነበር። «ለጊዜው» ተብሎ ነው የተወሰደው። እሱን ተከትሎ የእናታቸው ቡፌ ጓዳ ገባ፣ ሶፋው ወደ በሩ ተገፋ፣ ቴሌቪዥኑም በሥራ ሰዓት ድምፁ እንዳይሰማ ተባለ። እንግዳ ሲመጣ አባባ ስክሪኖቹን ያለበሷቸውን ዳንቴል እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ አድርገው ይገልጡና «የልጄ መሥሪያ ቤት» ይላሉ። የሠርካዲስ መሥሪያ ቤት ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለች አንድ በር ሱቅ ናት፤ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ። አባባ እዚያ የገቡት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ዝናብ ሲያባርራቸው።

ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ ስክሪኖቹ አመል አወጡ። ትሕትና ማታ ኮምፒውተሯን አታጠፋውም፤ አስተኝታው ነው የምታድረው። ጠዋት ማውሱን ነካ ስታደርገው ኮምፒውተሩ ይነቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስክሪኖቹ ግን አይነቁም። አንዳንድ ቀን ግራና ቀኙ ጨልመው መካከለኛው ብቻ ይበራል፤ አንዳንድ ቀን ሦስቱም ጥቁር ናቸው። ትነቅላለች፣ ትሰካለች፣ ኬብል ታገለባብጣለች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ እንደገና ታስነሳለች። በስንት መከራ ይበራሉ፤ አንዴ ከበሩ ቀኑን ሙሉ ምንም አይላቸውም። በማግስቱ ያው ነው። በዚህ መሐል የሥራ መግቢያ ሰዓት ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ማዶ ያለችው አለቃዋ «ቤትሽ ለሥራ የማይሆን ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብትዘገዪ ውላችን ይፈርሳል» ብላ ጻፈችላት። ትሕትና ይህን ራት ላይ እየተረጎመች ስታነብ አባባ የጠቀለሉት ጉርሻ አፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ሠርካዲስ ወጥ ጨመረችላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ትሕትና አንድ ሰዓት ቀድማ እየተነሳች ከስክሪኖቹ ጋር ትታገላለች።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሠርካዲስ ታውቃለች። አልጋዋ ከሳሎኑ በችፑድ በተለየችው ክፍል ውስጥ ነው፤ እንቅልፏም ቀላል ነው። አባባ ሊነጋጋ ሲል ኪዳን ለማድረስ ይነሳሉ። ልጆቹን ላለመቀስቀስ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በጣታቸው ይራመዳሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ጎንበስ ይሉና የስክሪኖቹ ገመዶች የተሰኩበትን ዲቫይደር ቀጭ አድርገው ያጠፉታል። ሰውየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ጠብቀው ነው ጡረታ የወጡት፤ ማብሪያ ሳያጠፉ ከግምጃ ቤት መውጣት ለእሳቸው ነውር ነው። በፋሲካ ሰሞን መብራት ሄድ መጣ እያለ የወይዘሮ ጸሐይን ፍሪጅ ካቃጠለው ወዲህ ደግሞ ለልጃቸው ዕቃ ሠጉ። ኮምፒውተሩን ግን አይነኩትም፤ መብራት ሲጠፋ እሱን የሚያቆየው ባትሪ ገመዱ ሲነቀል ስለሚጮኽ ይፈሩታል። እናም ኮምፒውተሩ እንደተኛ ስክሪኖቹ ከመብራት ተቆርጠው ይቆያሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ትሕትና ገና ሳትነሳ፣ መልሰው ያበሩታል፤ ማንም አያይም። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዟቸው አንድ ሳምንት ከቤት ሳይወጡ ሲቀሩ ስክሪኖቹ በየጠዋቱ ያለ ምንም ጣጣ ነቁ። ድነው ኪዳን በጀመሩ ጠዋት እንደገና ጨለሙ። ሠርካዲስ ያን ጠዋት ለእህቷ ልትነግራት ጠጋ ብላ ነበር። ትሕትና ግን ዓይኗን ከገመዱ ሳታነሳ «አንቺ እባክሽ እንዳትነካኪው፤ ይሄ እንደ ሱቅሽ ፕሪንተር አይደለም» አለቻት። ዝም አይነቅዝም አለች ሠርካዲስ በሆዷ፤ ዝም እንዳለች ይኸው እስከ ዛሬ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የትሕትናን «ኧረ አምላኬ» አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች። ደስ ይላታል። መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ደስ ይላታል። ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጣ ከንፈሯን የምትነክሰው ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ያቺው ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራት የነበረችው ልጅ ትሆንላታለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ይህን ደስታዋን ኃጢአት ነው ብላ ታስበዋለች፤ ሰኞ ጠዋት ትረሳዋለች። ሰዎች ሲመራረቁ «ምቀኛ አያሳጣሽ» ሲሉ ስትሰማ ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን ትሕትና ምቀኛዋን ከቤቷ ሳትወጣ አግኝታለች። ከዚያ ስክሪኖቹ ይበራሉ፣ እንግሊዝኛው ይጀምራል፣ ሠርካዲስም ነጠላዋን ጣል አድርጋ በጥበብ ልብስ ሱቆቹ መሐል ወደ ታክሲው ትወርዳለች።

ዛሬ ግን አልወረደችም። አባባ ወጥ ቤት ብቅ ብለው «ዛሬ ቴክኒሻን ይመጣል፤ እኔ ለቅሶ ቤት መሄድ አለብኝ። ሱቁን ተይውና እቤት ዋዪ» አሏት።

«ትሕትና አለች አይደል፣ አባባ?»

«ባዕድ ወንድ ቤት ገብቶ ልጅቷ ብቻዋን ትሁን? ምን ነካሽ አንቺ» አሉና ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተው ወጡ።

ሐሙስ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሕመምተኞች ቀጠሮ የሚበዛበት ቀን ነው። የሪፈር ወረቀት፣ የመታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተር ኮፒ የሚያስደርግ አስታማሚ ገና በጠዋቱ በሯ ላይ ይሰለፋል። የአንድ ገጽ ኮፒ አምስት ብር ገብቷል። የዛሬውን ጎኗ ያለው ሱቅ ይበላዋል። ለሠርካዲስ ሱቅ ሲባል ትሕትና አንድ ቀን ሥራዋን ትቅር ቢባል ቤቱ ምን እንደሚል አሰበችና ሳቋ መጣ። ከሱቁ በላይ የቆጠቆጣት ግን ሌላ ነበር። እሷ ስንት ዓመት ሙሉ በዚያች አንድ በር ሱቅ ውስጥ ከስንት ወንድ ጋር ስትውል ባዕድ ወንድ ብሎ የፈራላት የለም። ጥበቃ የሚያስፈልገው ለሚሰረቅ ነገር ነው ማለት ነው። ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረችና እሳቱን አበዛችው።

ቴክኒሻኑ ሌንጮ ይባላል፤ ከሠላሳ ብዙ የማይርቅ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ሠርካዲስ «ኧረ ግድ የለም፣ ግባ» አለችው። ትሕትና ዛሬ ፈረቃዋ የሚጀምረው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ጨልመው የጠበቋትን ስክሪኖች ሰውየው እንዲያያቸው ሳትነካ ትታቸዋለች። ሌንጮ ቦርሳውን ከፈተና ሥራ ጀመረ። ሠርካዲስ ሶፋው ላይ ምስርና ሰፌድ ይዛ ተቀመጠች፤ ዘበኛ ሥራ ሳይኖረው ቢቀመጥ ያስተዛዝባል። መጀመሪያ የግራውን ኬብል ለመካከለኛው፣ የመካከለኛውን ለግራው አደረገ። ከዚያ ከቦርሳው አዲስ ኬብል አውጥቶ ሞከረ። እንቅልፋቸው ከባድ እንዳይሆን የስክሪኖቹን ማስተካከያ አንድ በአንድ እየገባ ለወጠ፣ ለኮምፒውተሩም አንድ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረደለት። አጥፍቶ አስነሳው፤ ሦስቱም በሩ። አስተኛው፣ ጠበቀ፣ ማውሱን ነካው፤ ሦስቱም ነቁ። ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ ነቁ።

«ይኸው ይነቃሉ እኮ» አለ ሌንጮ።

«ሰው ሲያዩ ነው፤ ለኔ ብቻ ነው የሚያኮርፉት» አለች ትሕትና፣ ሁለቱም ሳቁ።

ሠርካዲስ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር ለቀመች። የሚያስቅ ነገር አላገኘችበትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው በስም የማታውቃቸውን ነገሮች በስም እየጠሩ ያወራሉ፤ እሱ ጀምሮ ሳይጨርስ እሷ ትጨርስለታለች። ሠርካዲስም እኮ ኮምፒውተር ትነካለች። ሠፈሩ ውስጥ ማመልከቻ የምትተይበው፣ የሙታን መታሰቢያ ወረቀት የምታዘጋጀው፣ «ኮምፒውተር የምታውቀው ሠርካዲስ» የምትባለው እሷ ነበረች። ይህን ስም ማን ወስዶ ለማን እንደሰጠው ቀኑን እንኳ ለይታ አታውቀውም። ሻይ አምጥታ ስታቀርብ ሌንጮ ቆሞ ተቀበላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎም ከቤት ነው የሚሠሩት?» ብሎ ጠየቃት። ለትሕትና «አንቺ» ነው የሚላት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ታላቅ አክብሮ ነው። ይሁን እንጂ ሠርካዲስ ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ያለው መስታወት ፊት ሳታስበው ቆመች፣ የነጣችውን አንዲት ፀጉር ወደ ሻሿ ውስጥ መለሰቻት። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ይላሉ። አንዷን ሦስት ስክሪን ፊት ያስቀምጣታል፣ አንዷን ሰፌድ።

የትሕትና ስልክ ጠራ። ከሥራዋ ነበርና እንግሊዝኛውን እየቀጠለች ወደ ግቢ ወጣች። ሌንጮ ጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ገብቶ ገመዶቹን በእጁ እየተከተለ ሲሄድ ዲቫይደሩ ጋ ደረሰ። ማብሪያውን በጣቱ ነካ አደረገው። ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን አውጥቶ ወደ ሠርካዲስ ዞረ።

«ይቅርታ እህቴ፤ ይሄን ዲቫይደር ሌሊት ሌሊት የሚያጠፋ ሰው አለ እንዴ? ስክሪኑ ከሥር ተቆርጦ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲነቃ አላውቅህም ይለዋል። እንደዚያ ቢሆን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነበር።»

ሠርካዲስ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አዎ፣ አባታችን» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አባባ ማታ ሲገቡ «አይንኩት» ይባላሉ፣ ይስቃሉ፣ ነገሩ ያልቃል። የትሕትናም ሥራ ይተርፋል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከግቢው የትሕትና ሳቅ ተሰማ፤ ከባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር የሚሳቅ፣ ቀለል ያለ፣ ምንም የማያሳስባት ሰው ሳቅ። ጠዋት አባባ በራፍ ላይ የተናገሩት እንደ አዲስ ጆሮዋ ላይ መጣ።

«የለም» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ማን ይነካዋል? እዚህ ቤት የእሷን ዕቃ የሚነካ ሰው የለም።»

ሌንጮ ራሱን ነቀነቀና ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ሠርካዲስም ቀና ስትል ትሕትና ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደተመለሰች አላየቻትም። ሌንጮ ለእሷ ደግሞ አስረዳት፤ ኬብሉ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ስክሪኖቹም ደህና ናቸው። የሚያጠፋቸው ሰው ከሌለ የቀረው የቤቱ መስመር ብቻ ነው፤ ሌሊት ኃይሉ ይወርዳል ማለት ነው። ትሕትና እያንዳንዱን ቃል በጥሞና ሰማችው። «ሌላ ቤት ብወስዳቸው ይሠራሉ?» አለችው። «ሌላ ቤት ችግር የለባቸውም» አላት። ሁለት ሺህ ብር በስልኳ ላከችለት፣ እስከ በሩ ሸኘችው። ስትመለስ ወደ ሠርካዲስ ቀና ብላ አላየችም፤ ቀጥታ መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋችና ስልክ ስታወራ ቆየች። ሠርካዲስ ምስሩን ሁለተኛ ጊዜ ለቀመችው።

ትሕትና ምሳ ላይ ነው የተናገረችው። አባባ ከለቅሶ ቤት ተመልሰው እጃቸውን ታጥበው እንደተቀመጡ፣ ገና ሁለት ሳይጎርሱ። ራኬብ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ተከራይታለች፤ አንዱ ክፍል ባዶ ነው። ዛሬውኑ ትገባለች።

«ከዚህ ቤት ልትወጪ?» አሉ አባባ።

«ለሥራው ነው፣ አባባ። የቤቱ መብራት ነው ያስቸገረው። ቴክኒሻኑም ያለው እሱን ነው።»

«መብራቱ ከሆነ ሠራተኛ እናመጣለን፤ ገመዱን በሙሉ እናስቀይረዋለን፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«ጊዜ የለም፣ አባባ። ዛሬ ማታ በሰዓቱ ካልገባሁ ሥራው የለም።»

ሠርካዲስ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ጠረጴዛዋ ታያት፣ የቡፌው ቦታ ታያት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚገለጥ ዳንቴል የሌለበት ሳሎን ታያት። ደስታው ግን የጎረሰችውን እስክትውጥ እንኳ አልቆየም። ትሕትና እኮ ልትኖር ነው የምትሄደው። ፎቅ ላይ፣ ከጓደኛዋ ጋር፣ በራሷ ክፍል፣ በራሷ ቁልፍ። ሠርካዲስ በዚህ ዕድሜዋ የራሷ የሆነ ቁልፍ ያላት የሱቋ ብቻ ነው። ልታደናቅፋት ዝም ብላ ያለፈችው ድንጋይ ለእህቷ መወጣጫ ሆነላት። ብትቀርም ቤቱ የትሕትና ነው፣ ብትሄድም መንገዱ የትሕትና ነው።

አባባ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ግቢ ወጡ። ሠርካዲስ ሳህን እያነሳች በመስኮቱ አየቻቸው። ከአጥሩ ሥር የተደረደሩትን የውኃ ጄሪካኖች ማስተካከል ጀመሩ። ጄሪካኖቹ ግን ቀጥ ብለው እንደተደረደሩ ነበሩ። አንዱን አንስተው ወደ ግራ ያደርጉታል፣ መልሰው ወደ ነበረበት ያመጡታል። ሠርካዲስ ይህን ስታይ እንኳ ቀናች። ትሕትና ገና ልጅ ሳለች እሷን ሊያገባ የፈለገ ሰው ሽማግሌ የላከ ጊዜ አባባ ማታ ጠርተው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ትሕትናንስ ማን ያሳድጋታል?» ብለው። ያን ቀን ጄሪካን ያስተካከለላት የለም። ሆኖም እያየቻቸው ሳለ አባባ የጄሪካኑን ክዳን ሊያጠብቁ ሲሞክሩ ወደቀባቸው፣ ጎንበስ ብለው ፈለጉት፣ ሲያጡት እዚያው ጉልበታቸውን ይዘው ቆዩ። ሽማግሌው ልጃቸውን የሚያስወጣት የገዛ እጃቸው መሆኑን አያውቁም። እንዳይቃጠልባት ብለው ነው ሌሊት ሌሊት የደከሙት። ሠርካዲስ ሳህኖቹን እዚያው አስቀምጣ ወደ ሳሎን ገባች።

ትሕትና ጠረጴዛው ሥር ሆና ገመድ ትነቅላለች።

«ትሕትና» አለቻት። «መብራቱ አይደለም።»

ትሕትና ከጠረጴዛው ሥር አልወጣችም።

«አባባ ናቸው። ኪዳን ሲሄዱ ዲቫይደሩን ያጠፉታል፣ ሲመለሱ ያበሩታል። እንዳይቃጠልብሽ ብለው እኮ ነው። አሁኑኑ እንነግራቸዋለን፣ ያቆማሉ፣ በቃ። የትም መሄድ የለብሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ትሕትና።

ሠርካዲስ የሰማችው አልገባትም። ትሕትና ወጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ገመዱን በክርኗና በአውራ ጣቷ መሐል መጠቅለል ጀመረች።

«ትናንት ጠዋት ከሌላው ቀን ይበልጥ ቀድሜ ስነሳ ዲቫይደሩን ጠፍቶ አገኘሁት። በኋላ አባባ ተመልሰው ጎንበስ ብለው ሲያበሩት አየሁ። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው እያልኩ ሳስብ ነው ያደርኩት፤ ያፍራሉ ብዬ። ሌንጮን አስቀድሜ ስለቀጠርኩት ይምጣ፣ ሌላም ነገር ካለ ይየው አልኩ። ማታ እነግራቸው ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትሄጂው?»

«ሌንጮ ሲጠይቅሽ በር ላይ ነበርኩ።»

ሠርካዲስ የምትቀመጥበት ፈለገች። ሶፋው ላይ ዕቃ ተከምሮበታል።

«አንቺም የማታውቂ መስሎኝ ነበር» አለች ትሕትና። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ልፈትንሽ ብዬ አልነበረም የቆምኩት። ስልኩን ጨርሼ ስገባ ነው የሰማሁት። 'የለም' ስትይ ፊትሽን አየሁት፣ ሠርኬ። ታውቂያለሽ። ያን ሁሉ ጠዋት እዚያ ማዶ ተኝተሽ ትሰሚኛለሽ። ሥራዬ ሊሄድ ነው ብዬ ያንን መልእክት ሳነብ ወጥ ትጨምሪ ነበር።»

«ትሕትናዬ፣ እኔ...»

«አሳድገሽኛል፤ እሱን አልረሳም። የኔ ነገር ሲጨልም ደስ የሚላት ሰው አጠገብ ግን መሥራት አልችልም። እዚያ ጋ 'አለ' ብለሽው ቢሆን ኖሮ የትም አልሄድም ነበር።»

ሠርካዲስ ልትምል ፈለገች፤ በእናታቸው አፅም፣ በቁስቋም ማርያም። ምሎ መገዘት ለእንዲህ ዓይነት ቀን ነበር የሚሆነው፤ ግን አልማለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ለአባባ ትነግሪያቸዋለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ምን ብዬ? መብራቱ ነው ብያለሁ። መብራቱ ነው» አለችና ወደ ሁለተኛው ገመድ ጎንበስ አለች። ሠርካዲስ አጠገቧ ተንበርክካ የሦስተኛውን ነቀለች።

ዕቃ የሚጭነው ዳማስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዳገቱን እያጉረመረመ መጣ፤ ሾፌሩም መንገዱን እየረገመ አብሮ ያጉረመርማል። አባባ ሳጥናቸውን ከፍተው ገና ያልተለበሰ ጋቢያቸውን አወጡና ስክሪኖቹን አንድ በአንድ እንደ ሕፃን ጠቀለሏቸው። «ቀስ» ይሉታል ሾፌሩን፣ «ቀስ፣ ልጅ፤ እንጀራ ነው የጫንከው።» ትሕትና ጉልበታቸውን ስትስም ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁና «እዚያም ቢሆን ከቤት ስትወጪ ማብሪያውን አጥፊ፤ መብራት አይታመንም» አሏት። «እሺ፣ አባባ» አለች። ወይዘሮ ጸሐይ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ አሉ። «ምነው፣ ልጅቷ ወዴት ነው? ምን ተገኘ?» ቢሉ ትሕትናም አባባም አፍ ከመክፈታቸው በፊት «መብራቱ ለሥራዋ አልሆን ብሎ ነው፤ ኃይሉ ይወርዳል፣ ይወጣል» አለች ሠርካዲስ። ትሕትና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ መጥታ ጉንጯን እያፈራረቀች ሦስት ጊዜ ሳመቻት፣ ሰው ለእንግዳ እንደሚያደርገው። ዳማሱ ቁልቁል ወርዶ እስኪታጠፍ አባባ መንገዱ መሐል ቆመው ነበር።

ሳሎኑ ሰፋ። ጠረጴዛው ባዶውን ቀርቷል፤ ስክሪኖቹ የቆሙበት ቦታ አቧራ ስላልነካው ሦስት ንጹሕ ምልክት ይታያል። ሠርካዲስ ጨርቅ አርጥባ ጠረጴዛውን ጠረገችው። ጓዳ ያለው ቡፌ ትዝ አላት፣ ሱቅ ያለው የሚተየብ ወረቀትም ትዝ አላት፤ ሁለቱንም ለማምጣት እግሯ አልተነሳም። አባባ ሶፋው ጫፍ ላይ ሳይደገፉ ተቀምጠው ሰዓት ያያሉ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፍ እንዳለ «እስቲ ደውይላት» አሏት፣ «በርቶላት እንደሆነ።» ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመካከላቸው ያዘችው።

«ሦስቱም በርተዋል፣ አባባ» አለች ትሕትና። ከኋላዋ የራኬብ ሳቅ ይሰማል። «ከሰካኋቸው በኋላ አስተኝቼ ሞከርኳቸው፣ ወዲያው ነቁ። አሁን ሥራ ገብቻለሁ፣ ነገ እደውላለሁ።»

«ተመስገን! በይ ሥራሽን ሥሪ» አሉ አባባ። ፊታቸው ፈካ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ፈገግ እንዳሉ ቆዩ፣ ከዚያ ፈገግታው እየቀለለ ሄደና ዓይናቸው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በየጥጉ የተዘረጋውን አሮጌ የመብራት ገመድ መዞር ጀመረ።

«አየሽ?» አሉ። «ዕቃውስ ጤነኛ ነበር። የኛ ቤት ነው ክፉው።»

ሠርካዲስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አዎ፣ አባባ» አለች። «የኛ ቤት ነው።»